ያልተበላው የሠርግ ክትፎ

ሰው ምን እንደተማረ መጠየቅ በእኛ አገር ከሰላምታ ይቆጠራል። አምቦ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማው ግማሹ ተማሪ፣ ግማሹ ለተማሪ ቤት አከራይ ነውና ከሰላምታው ከ«አካም» ቀጥሎ የሚመጣው «ዲፓርትመንትህ ምንድን ነው?» ነው። «ምህንድስና» ያለ እንደሆነ ፊት ይፈታለታል፣ ወንበር ይሳብለታል። «ሕግ» ያለ እንደሆነ የድንበር ክርክር ያለበት ዘመድ ሁሉ ያንኑ ዕለት ይደውልለታል። «ነርስ ነኝ» ካለማ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን የሚዘረጋለት አይጠፋም። እኔ ስጠየቅ ግን፣ መንጃ ፈቃዱን ቤት ረስቶ የወጣ ሹፌር ትራፊክ ፊት እንደሚሆነው ነው የምሆነው፤ ኪሴን እዳብሳለሁ፣ ወደ ሰማይ አያለሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራለሁ።

የተማርኩት የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ ነው።

ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ።

መርጬው አልነበረም። እኔ ሌላ አሰብኩ፣ ነጥቤ ሌላ አሰበ። ስሜን ሰሌዳው ላይ ከሴቶች ስም መካከል እንደ ጤፍ ውስጥ ጠጠር ተሰንቅሮ ባየሁት ጊዜ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ሳይንስ» ብቻ ሰምቶ ደስ አለው። እናቴ ግን የመካከሏን ቃል ያዘች። አማርኛን ገበያና ቢሮ ላይ የተማረችው እናቴ፣ «ሸማች» የሚለው ከሸማ ጋር ተዛመደባትና ለጸሎት ጓደኞቿ «ልጄ ሽመና ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ጌታ ይመስገን» ብላ አወራችላቸው። እስከ ዛሬ በዓል ሲቃረብ የትኛው ጥለት እንደሚያምር የሚያማክሩኝ እናቶች አሉ። እኔም ማስረዳት ሲሰለቸኝ አማክራቸዋለሁ።

ስለ ትምህርቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰላም ይነሳል። ከመግባቴ በፊት ወተት ወተት ነበር፣ ሥጋም ሥጋ። ስለ ምግብ ደኅንነት ያስተማረችን መምህርት ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ ሰው ሐሜት እንደምታወራ ሁሉ፣ በዓይን ስለማይታዩት ነገሮች ነገረችን። የቱ በስንት ሰዓት እንደሚራባ፣ የቱ ከቁስል ወደ ምግብ እንደሚሻገር፣ የቱ ደግሞ እሱ በእሳት ሞቶ እንኳን መርዙን እንደ ኑዛዜ ትቶ እንደሚሄድ። «ደግሞ አይሸትም፤ ቢሸትማ ማን ይበላው ነበር?» አለች። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ቤት ስጋበዝ እንደ ዘመድ መብላት አቃተኝ። ድስቱ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጠ አስባለሁ። የሕፃኑን የጡጦ ክዳን አያለሁ። ምግብ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምመለከተው ዋጋውን ሳይሆን የአስተናጋጁን ጥፍር ነው። ጓደኞቼ «አንተ ሰውዬ ጭንቀት አበዛህ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዲግሪው የሚሰጠው በጭንቀት መሆኑን አልሰማችሁም እንዴ እላቸዋለሁ።

ከተመረቅን በኋላ እንደ ዘር ተበተንን። አንዷ እንጭኒ ንግድ ጽሕፈት ቤት ገብታ ቅመም ከሸክላ አፈር ጋር የሚያጋቡ ነጋዴዎችን ታሳድዳለች። አንዷ ወንጪ አካባቢ ለቱሪስት ማረፊያ ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነች። እኔ አንድ ወረዳ ግብርና ውስጥ የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ሆኜ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ፣ ከባቄላና ከገብስ የሕፃናት ገንፎ እንዴት እንደሚዘጋጅ አሳያለሁ። ወንድ ልጅ፣ ፂሙን ያበቀለ፣ ማማሰያ ይዞ ሕዝብ ፊት። እናቶቹ በትሕትና ይሰሙኛል። አባቶቹ አጥሩን ተደግፈው ይስቃሉ። ልጆቹ ገንፎውን ይበላሉ። ከሦስቱ ወገኖች ቁም ነገረኞቹ ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ስኖር ነው አዳዳ ጫልቱ የደወለችልኝ።

«አዳዳ» በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ በእኛ ቤት ግን «አባትም ራሱ የሚፈራት» ማለት ነው። ግንጪ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ኦቦ ገመቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ጤፍ ያመርታል፣ ከብት ያረባል፣ ጥቂት ይናገራል። የሚናገረውን ሁሉ እሷ ስለምትናገርለት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ጥር የመጀመሪያ ልጃቸውን ሌንሴን ሊድሩ ነው።

«አንተ ልጅ፣ መቼስ ወጥ ነው የተማርከው» አለችኝ አዳዳ። «ና ማድቤቱን ምራልኝ።»

«አዳዳ፣ እኔ የተማርኩት ወጥ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ምን ብዬ ላስረዳ?

«እንግዲያው ና!» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ በማለዳ ከአምቦ በሚኒባስ ተነሥቼ ግንጪ ስደርስ ዳሱ ቆሞ፣ የለስላሳው ሳጥን ከአጥሩ በላይ ተከምሮ፣ መዘምራኑ ማይክራፎን እየፈተሹ ነበር። ማድቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ብርቄ ነግሠዋል። ግንጪ ላይ ያለ ወይዘሮ ብርቄ የሚደገስ ሠርግ ያለ ሙሽራ እንደሚደገስ ነው የሚቆጠረው፤ ድስቶቹን የሚያውቋቸው በስም ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ።

«ኃላፊው አንተ ነህ አሉ?»

«እንደዚያ ይላሉ።»

«እንግዲያው ከመንገዱ ዘወር በል፤ ትኩስ ነገር ያልፋል።»

ዘወር አልኩ። የእኔ ሥልጣን እዚያ ላይ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም ነበር። ሽሮ ሜዳ የገዛሁትን ሸሚዝ ለብሼ፣ ከሙሽሪት ጋር ፎቶ ተነሥቼ፣ ጠግቤ እመለስ ነበር። ነገር ግን አዳዳ ጫልቱ ፊቷ በደስታ እያበራ ገባችና እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

«ጌታ እንዴት ደግ ነው! ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ የሄደ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ስንጸልይ መጣ!»

ሁሉም «አሜን» አለ። እኔ ብቻ አሜኑ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«አዳዳ፣ ፍሪጁስ?»

«ፍሪጁም መጣ!»

ፍሪጁ እዚያው ማድቤቱ ጥግ ላይ ነው የቆመው። በሁለቱም ወገን ምድጃ ይነዳል፤ ሌሊቱንም ሲነድ አድሯል። ከፈትኩት። ዓርብ ጠዋት የታረደው በሬ ምርጥ ሥጋ፣ ያን ዕለት ተከትፎ፣ በሁለት ትልልቅ ሳፋ ጢም ብሎ ተቀምጧል። ለሙሽራው ወገን ነው። የሙሽራው ሰዎች ከጉደር ነው የሚመጡት፤ አዳዳ ደግሞ «ግንጪ እንዴት እንደሚያበላ አሳያቸዋለሁ» ብላ ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ የዛተችው በዚህ ክትፎ ነው። እጄን ታጥቤ ጣቴን ወደ መካከሉ ሰደድኩት። ላዩ ቀዝቀዝ ብሏል። ውስጡ ለብ ያለ ነው። እንደ ሕያው ሰው መዳፍ ለብ ያለ።

እጄን እንደገና ታጠብኩ።

«ማን ነው የከተፈው?» ብዬ ጠየቅሁ። የጎረቤት ልጆች ነበሩ። አንዷ እጇን ስታነሣ አመልካች ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከሦስት አራት ቀን በፊት ሽንኩርት ስትልጥ ቢላዋ ቆርጧት አመርቅዟል። ፈታ አድርጋ አሳየችኝ። አላየሁም ብል ደስ ባለኝ።

እንግዲህ የእኔን ቦታ ያዙና አስቡት። መምህርቷ ያቺን ነገር በሹክሹክታ የነገረችን ለዚህ ቀን ይመስል ሁሉም ተሟልቷል፤ ቁስሉ፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ። የጎደለው ሽታው ብቻ ነው። ወይዘሮ ብርቄ ቀረብ ብለው አሸተቱ። «ምንም የለውም። ወንድሜ፣ እኔ ሥጋ በአፍንጫዬ ነው የማውቀው፤ ይህ ገና አሁን የታረደ ነው የሚመስለው።» አዳዳም አሸተተች። ያቺ ልጅም አሸተተች። እኔም አሸተትኩ። በእውነቱ ደስ የሚል ሽታ ነበረው፤ ቅቤና ኮረሪማ ቢገባበትማ ራሱን ይስታል።

«ለብ ለብ ይደረግ ካልክ እናደርገዋለን» አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ እንደ መታረቂያ።

«ለብ ማድረግ አይበቃውም። ቢበስልም አይበቃውም። መርዙ ከተፈጠረ እሳት አይነካውም።»

«እሳት የማይነካው ነገር ምን አለ?» አለች አዳዳ። ድምጿ መለወጥ ጀምሯል። «ደግሞስ የግንጪ ብርድ ራሱ ፍሪጅ አይደለም እንዴ? ሌሊት ውጪ ብታድር አንተን ያደርቅሃል!»

እውነቷን ነው። የግንጪ የጥር ሌሊት ቀልድ የለውም። ማድቤቱ ውስጥ ግን ጥር አልነበረም። ይህን ስናገር ራሴን እጠራጠር ነበር። ምን መሣሪያ አለኝ? የያዝኩት አንድ ጣትና አንድ ዲግሪ ነው። ምናልባት ምንም አልሆነም። ምናልባት እነዚያ ሁሉ የጉደር ሰዎች በልተው፣ ጨፍረው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ምናልባት ደግሞ ከመዝሙሩ መካከል አንዱ ሆዱን ይይዛል፣ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት፣ ቀጥሎ በእናቱ ጀርባ የመጣ ሕፃን። ግንጪ ጤና ጣቢያ ስንት አልጋ አለ? ውጪ መዘምራኑ «እልል በሉ» ይላሉ።

አዳዳ ማልቀስ ስትጀምር ነው ኦቦ ገመቹ የገባው። አዲስ ሱፍ ለብሷል፤ ክራቫቱ አንቆታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነገሩት፤ እሱ ግን እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

«አንተ የተማርከው ምንድን ነው ነበር ያልከው?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩት፤ «የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ።»

«እኛ ምንህ ነን?»

«ቤተሰብ።»

በመስኮቱ ወደ ዳሱ ጠቆመ። «እነሱስ?»

«ሸማቾች መሰሉኝ፣ ኦቦ።»

ኦቦ ገመቹ አልሳቀም። «ይህ ሥጋ ይጎዳል? እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ ነኝ ብዬው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! «አይደለሁም» አልኩት። «ሊጎዳ ይችላል። ላይጎዳም ይችላል።»

አዳዳ «ይኸው!» አለች።

ኦቦ ገመቹ ክራቫቱን ላላ አደረገ። «ሌንሴ ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። አንድ ጉርሻ ከዚህ ጠቅልለህ፣ በእጅህ ለሌንሴ ትሰጣታለህ?»

ሌንሴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው የማውቃት። ከግድግዳው ወዲያ ቬሎዋን ለብሳ ከሚዜዎቿ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል።

«አልሰጣትም።»

«እንግዲያው ለሰው ልጅ አይሰጥም» አለ። «አውጡት።»

አዳዳ ጫልቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እንደ ልቅሶ ቤት።

ሙሽራውና ሰዎቹ መጡ፤ ተጨፈረ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ተቀመጡ። ወይዘሮ ብርቄ፣ ያለ ሐሰት ልናገር፣ ተኣምር ሠሩ፤ ጥብሱ፣ ቀይ ወጡ፣ አልጫው ተደረደረ። ነገር ግን ተስፋ የተሰጠው ሆድ ሌላ ነገር አይሞላውም። የሙሽራው አጎት፣ ሰፊ ሰውዬ፣ ጥብሱን ወዲያና ወዲህ አገላብጠው፣ «ክትፎ አለ ተብለን ነበር» አሉ፣ ለጎረቤታቸው የሚናገሩ መስለው፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። አዳዳ ከኋላዬ ትንፋሿ ሲቆረጥ ሰማኋት። የኔ ስም ሊጠራ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ኦቦ ገመቹ ተነሣ። «ወገኖቼ፣ መብራት ጠፍቶብን ክትፎው ለእናንተ የሚመጥን አልሆነልንም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ።» ብሎ ተቀመጠ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጥቂት ሰዎች «ምንም አይደል» አሉ፤ ጥቂቶች ተጠቃቀሱ፤ አጎትዬው ጥብሱን በሉት። ሠርጉ አለፈ።

ለእኔ ግን አላለፈም። ሥጋውን ከጓሮው ጎመን ማዶ ጉድጓድ ቆፍረው እንዲቀብሩት ለሁለት ጎረምሶች ነግሬ ነበር። ጎረምሶቹ ወደ ጭፈራው ስለቸኮሉ ጉድጓዱን ጉድጓድ ሳያደርሱት አፈር በተን አድርገውበት ተመለሱ። ልሄድ ስል ለመሰናበት ወደ ጓሮ ብቅ ብል የሰፈሩ ውሾች በሙሉ እዚያ ናቸው። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ሠርግ ገጥሟቸው አያውቅም። ጠራርገው በልተው፣ ሳፋው የነበረበትን ሣር ሳይቀር እየላሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ከግንጪ መሆን አለመሆኑን ነው። ሌላው ምግብ ሰው ቢጎዳስ? አልጫውን ማን ነበር የነካው? ያቺ ባለ ጨርቅ ልጅ ሰላጣ ላይ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ይህ አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላው ፍርሃት ደግሞ ለመናገር ያሳፍራል፤ ማንም ባይታመምስ? አዎ፣ እንዲህም ብዬ አስቤአለሁ። ባለሙያ ልክ መሆኑን ለማወቅ የሰው ሕመም ሲያምረው አይታችኋል? እኔ በራሴ ላይ አየሁት፤ አየሁትና ደነገጥሁ።

ማንም አልታመመም። ሳምንት ሳይሞላ አዳዳ ጫልቱ ደወለች።

«ሰማህ? አንድ ሰው እንኳን አላመመውም!»

«አዳዳ፣ ስላልበሉት እኮ ነው!»

«ውሾቹስ?»

«ውሾቹ ምን?»

«ውሾቹ በልተዋል። የጎረቤቴ ውሻ ዛሬ ጠዋት ሲጮህ ቀሰቀሰኝ። ከበፊቱ ይልቅ ድምፁ አምሮበታል!»

የውሻ ሆድ የሰው ሆድ እንዳልሆነ፣ ውሻ አጥንት ከአፈር አውጥቶ የሚበላ ፍጡር እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። አዳዳ ግን ዘግታው ነበር። ወሬው ከግንጪ አምቦ ለመግባት አልዘገየም። አባቴ ሳይቀር፣ ሳይንስ የሚያከብረው አባቴ፣ «ለመሆኑ ውሾቹ ደኅና ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ቅጠሉን ይዞ የተነሣውን ሰውዬ ግን «የታለ እሳቱ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ድልድይ የሠራ ድልድዩን ያሳያል፤ ያከመ የዳነውን ያሳያል። ያልታመመ ሰው ግን እንዴት ተደርጎ ይታያል? ያልተቀበረ ሕፃን ገበያ መካከል ሲሮጥ ብታዩ፣ እናንተ የምታዩት የሚሮጥ ሕፃን ነው። ያን ጊዜ እንደዚህ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ብዙም አላጽናናኝም። ሥራ ልለውጥ አሰብኩ። ከማማሰያው ጋር ሕዝብ ፊት ስቆም አጥር የተደገፉት አባቶች ሲስቁ ስለ ውሾቹ የሰሙ ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም መሄዴን አልተውኩም፤ ልጆቹ ድስቱን ከበው ይጠብቃሉ።

አዳዳ ዓመት ሊሞላ እስኪል ድረስ አልደወለችም። በታኅሣሥ ሁለተኛዋን ልጇን ሚልኪን ልትድር ሆነና ጠራችኝ። «ና። ግን እንደ እንግዳ ና። ማድቤት ድርሽ እንዳትል!»

እንደ እንግዳ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። መቼም አፌ አያርፍምና «መብራት ጠፋ እንዴ?» አልኳት።

«አልጠፋም። ለዘማሪዎቹ ማይክ ነው የተከራየነው» አለችኝ ወደ ሌላ እያየች። «ላንተ እንዳይመስልህ።»

ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከጄኔሬተሩ ተነሥቶ፣ ዳሱን ትቶ፣ በጓሮ ዞሮ ሳሎን ገባ። ፍሪጁ ሳሎን ነው፣ ከምድጃ ርቆ፣ የክብር እንግዳ ይመስል ብቻውን። ወይዘሮ ብርቄ ደግሞ ከማድቤቱ አንዲቷን ልጅ «ጣትሽን አሳዪኝ!» እያሉ ሲቆጡ ይሰማል። ወደ ዳሱ ተመለስኩ።

ምሳ ሲቀርብ ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የነቢያት ጾም ስለነበር ለኦርቶዶክስ እንግዶች፣ በመንግሥት ቢሮ ለሚሠሩ የኦቦ ገመቹ ወዳጆች፣ በስተጥግ የጾም ገበታ ተዘርግቶ ነበር። ምስሩ ይጨሳል፤ ከእሳት ከወረደ ብዙም አልቆየም። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሽሮና ምስር አስጨልፌ፣ ራሴን ደፍቼ፣ ከአንድ የሒሳብ ሹም ጎን ተቀመጥኩ።

ጥላ አረፈብኝ። አዳዳ ጫልቱ ናት።

«አንተ» አለች በለሆሳስ። «ጴንጤ የነቢያትን ጾም መጾም የጀመረው መቼ ነው?»

ሳህኔን ከእጄ ወሰደችው። ተመልሳ ስትመጣ ክትፎ ይዛለች፤ ጥሬ፣ ቀይ፣ ቅቤው ጠርዙ ላይ ኩልል የሚል። ፊቴ አኖረችውና ወገቧን ይዛ ቆመች። የመብራቱን ገመድ አሰብኩ፤ ጣቷን የምታሳየውን ልጅ አሰብኩ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደተከተፈ አሰብኩ። ልጠይቅ አፌን ስከፍት፦

«ኛዹ!» አለችኝ። ብላ ማለት ነው፤ በአዳዳ አፍ ግን ሌላም ሌላም ብዙ ነገር ማለት ነው።

በላሁ። ከአባት እህት ቁጣ የሚብስ ተሕዋስ እስካሁን አልተማርንም።